የቆለፍነው በር አደራ ነው
ከመሬት ከፍ ያለ የጥንቸል ቤት አሠራር



ጥንቸል ማርባት ቀላል ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሣር ትበላለች፣ አትጮህም፣ ሰፊ ቦታ አትፈልግም፣ ቶሎ ትወልዳለች ይባላል። እኛም ይህንኑ ሰምተን ነበር ልጆቻችን ሲለምኑን ሦስት ጥንቸሎች ገዝተን ወደ ግቢያችን ያስገባነው።

ቤታቸውን የሠራነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አራት አጣና መሬት ላይ ተክለን፣ ዙሪያውን በዶሮ ሽቦ ጠቀለልነውና ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ ጣል አደረግንበት። ወለሉ የግቢው አፈር ነበር። በበጋው ምንም ችግር አላየንም። ክረምቱ ሲገባ ግን አፈሩ ጭቃ ሆነ፤ ሣሩ ከኩስና ከሽንታቸው ጋር ይቀላቀል ጀመር። አንደኛዋ ሆዷ ተነፍቶ፣ ተቅማጥ ይዟት ሞተች። ብዙም ሳይቆይ ለሱብሒ ሶላት በተነሣንበት ጎሕ የዶሮ ሽቦው ተቀድዶ፣ ከሥሩም አፈሩ ተቆፍሮ አገኘነው። ሌሊት ውሻ ገብቶ ኖሯል። የቀሩት ሁለቱም አልተረፉም።

የዘጠኝ ዓመት ልጃችን አላለቀሰችም። የተቀደደውን ሽቦ ቆማ ስታይ ቆየችና «አባዬ፣ ባንቆልፍባቸው ኖሮ ሮጠው ያመልጡ ነበር አይደል?» ስትል ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። የዛሬው ጽሑፋችን ያን ዕለት ልንመልሰው ያልቻልነውን ጥያቄ በሥራ ለመመለስ ያደረግነውን ጥረት የሚተርክ ነው።

እንስሳን መቆለፍ ይፈቀዳልን?

ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) የዘገቡትን የዚያችን ሴት ታሪክ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሴትዮዋ ድመት ቆልፋ አስቀመጠች። አልመገበቻትም፤ የምድር ተባዮችን ለቅማ እንድትበላም አለቀቀቻትም። ድመቷ በረሃብ ስትሞት ሴትዮዋ በዚህ ምክንያት ለእሳት መዳረጓን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል።

ይህን ሐዲስ ልብ ብለን ስናስተውለው ጥፋቱ ድመት ማኖሩ አለመሆኑን እንረዳለን። ጥፋቱ የራሷን ሲሳይ የመፈለጊያ መንገድ ከዘጉባት በኋላ በምትኩ ምንም አለመስጠት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የአነስ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ወፍ እንደነበረችው፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር በትክክለኛ ሐዲስ ተዘግቧል። ዑለማዎች ከዚህ በመነሣት ልጆች የማያሰቃዩት እንስሳ ቢኖራቸው እንደሚፈቀድ ይናገራሉ።

እንግዲህ ሁለቱን ሐዲሶች ስናገናኛቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ጥንቸል ሜዳ ላይ ብትሆን ኖሮ ምግቧን ራሷ ትፈልጋለች፣ ከዝናብ ትጠለላለች፣ ከጠላት ሮጣ ታመልጣለች። በሩን ስንቆልፍባት እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ከእሷ ወደ እኛ ይተላለፋሉ። መሮጫዋን ከወሰድንባት ጠላቷ የማይሰብረው ግድግዳ ልንሰጣት ይገባል። ጉድጓድ መቆፈሯን ከከለከልናት መደበቂያ ልናዘጋጅላት ግድ ይለናል። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ልክና ዕቃ ሁሉ ከዚህ አደራ የሚመነጭ ነው።

ለምን ከመሬት ከፍ ይላል?

በአገራችን ጫካና ሜዳ የምትታየው ጥንቸልና በቤት የምትረባው ጥንቸል በአማርኛ አንድ ስም ቢኖራቸውም ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው። የሜዳዋ ጉድጓድ ሳትቆፍር በሣር መካከል ትተኛለች። የቤቷ ግን የትውልድ ሥሯ ጥንት አንዳሉስ ይባል ከነበረው ከስፔይንና ከፖርቱጋል ምድር ሲሆን፣ በተፈጥሮዋ ቆፋሪ ናት። በአፈር ወለል ላይ ብናኖራት ቆፍራ ትወጣለች፤ ውሻውም ከውጭ ቆፍሮ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት ንጽሕና ነው። ጥንቸሎችን በብዛት ከሚገድሉ በሽታዎች አንዱ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው ሲሆን፣ የሚተላለፈው ኩስ የነካውን ሣርና ውኃ በመመገብ ነው። እርጥበት ደግሞ ያጠነክረዋል። ወለሉ ሽቦ ሲሆንና ከመሬት ሲርቅ ኩሱና ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ምግቡም ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ሦስተኛው ምክንያት ለእኛ ለራሳችን ነው። ቤቱ በወገባችን ልክ ሲሆን ሳንጎነበስ እናጸዳዋለን። ለማጽዳት የሚመች ቤት ቶሎ ቶሎ እንደሚጸዳም የታወቀ ነው።

የቦታ ምርጫ

ጥንቸል ከብርድ ይልቅ ሙቀት ይጎዳታል። እንደ እኛ አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዎቿ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ለሕይወቷ ያሰጋታል። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝና ከቀትር በኋላ ጥላ ያለው ቦታ መምረጥ ይገባል። የቤቱ ጀርባ ነፋስና ዝናብ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይዙር። ጎርፍ የሚተኛበትን፣ የመኪና ጭስ የሚደርስበትንና ውሻ የሚታሰርበትን ሥፍራ መራቅ ያስፈልጋል። ውሻው ባይነካት እንኳ ጩኸቱ ያስደነግጣታል፤ የደነገጠች እናት ግልገሎቿን ልትረግጥ ትችላለች።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሁለተኛውን ቤት ስንሠራ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አናጢ ረድተውናል። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ የጥንቸል ሥጋም በሃይማኖታቸው ስለማይበላ ከዚህ ቤት የሚያገኙት ጥቅም አልነበረም። ነገር ግን ልጃችን ያለችውን ሰምተው ኖሮ መጋዛቸውን ይዘው መጡ። የሠራነው ቤት 180 ሳ.ሜ. ርዝመትና 75 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ሆኖ መሐሉ ለሁለት ክፍል የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ክፍል 90 በ75 ሳ.ሜ. ሲሆን አንዲት ጥንቸል ብቻ ይይዛል። ዕቃዎቹም የሚከተሉት ናቸው፦

• ለፊት እግሮች 210 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው ሦስት ሞራሌዎች፤ ለኋላ እግሮች 195 ሳ.ሜ. የሆኑ ሦስት ሞራሌዎች
• ለወለሉና ለጣሪያው ማገር የሚሆኑ ተጨማሪ ሞራሌዎች
• ለወለል፣ ቀዳዳው 1.25 በ2.5 ሳ.ሜ. የሆነና 2 ሚ.ሜ. ያህል ውፍረት ያለው የተበየደ ሽቦ
• ለግድግዳ፣ ቀዳዳው 2.5 በ5 ሳ.ሜ. የሆነ የተበየደ ሽቦ
• 2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት ቆርቆሮዎች
• ምስማር፣ ሮንዴላ፣ አራት ማጠፊያና አራት መቀርቀሪያ
• መጋዝ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሞረድና ሜትር

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። የዶሮ ሽቦ ዶሮ ከግቢ እንዳትወጣ ለማገድ እንጂ ውሻ እንዳይገባ ለመከላከል የተሠራ አይደለም፤ ክሩ ቀጭን ስለሆነ በጥርስ ይቀደዳል። ወለል ላይ ሲሆን ደግሞ ይረግባል፣ የጥንቸሏንም መዳፍ ይቆርጣል። ከተበየደው ሽቦ ጋር ያለውን የዋጋ ልዩነት ለማዳን ስንል ሦስት ነፍስ አጥፍተናል።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ስድስቱን እግሮች 45 ሳ.ሜ. ወደ መሬት እንቀብራለን። የሚቀበረውን ክፍል ብቻ የተቃጠለ ዘይት ብንቀባው ምስጥን ይከላከላል፤ ከመሬት በላይ ያለውን ግን መቀባት አያስፈልግም፤ ጥንቸል እንጨት ስለምትቆረጥም ልትመረዝ ትችላለች። ከቀበርነው በኋላ የፊቱ እግር 165 ሳ.ሜ.፣ የኋላው 150 ሳ.ሜ. ከመሬት በላይ ይቀራል። ይህ የ15 ሳ.ሜ. ልዩነት የጣሪያውን ውኃ ወደ ኋላ እንዲወርድ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ከመሬት 90 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ የወለሉን ማገር ዙሪያውን እንመታለን። በእያንዳንዱ ክፍል መሐልም አንድ አንድ ማገር ከፊት ወደ ኋላ ይገባል። ከዚህ በላይ ማገር ብናበዛ ኩስና ሽንት እየተጠራቀመበት ይበሰብሳል።

ወለሉ የቤቱ ዋና ክፍል ነው። የሽቦው ጥቅል 90 ሳ.ሜ. ስፋት ካለው ወለሉን ሸፍኖ ከፊትና ከኋላ 7.5 ሳ.ሜ. ያህል ይተርፋል። ይህን ትርፍ መቁረጥ አይገባም፤ ወደ ላይ አጥፈን ከግድግዳው ጋር ስንመታው ግልገሎች በሰፊው የግድግዳ ቀዳዳ ሾልከው እንዳይወድቁ ያግዳል። የተበየደ ሽቦ አንደኛው ገጹ ከሌላው ይለሰልሳል፤ ጠባብ ሆነው የተደረደሩት ክሮች ያሉበት ገጽ ወደ ላይ መሆን አለበት። የተቆረጡ ጫፎች ሁሉ በሞረድ ይሞረዳሉ። ጎረቤታችን ሥራውን ሲጨርሱ «በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ እጃችሁን የሚወጋ ነገር ካለ እግሯንም ይወጋታል» አሉን። ልጆቻችንም ወለሉን ጥግ ለጥግ ዳበሱት፤ አምስት ቦታ ሹል ጫፍ አግኝተው እንደገና ተሞረደ።

የግድግዳው ሽቦ የሚመታው ከእንጨቱ በውስጥ በኩል ነው። እንዲህ ሲሆን ጥንቸሏ እንጨቱን አትቆረጥምም፤ ውሻ ከውጭ ቢገፋውም ሽቦው እንጨቱ ላይ ይደገፋል። ምስማሩን ከሮንዴላ ጋር በየ10 ሳ.ሜ. እንመታለን፤ ያለ ሮንዴላ የተመታ ሽቦ ሲሳብ በምስማሩ ራስ ላይ አልፎ ይወጣልና። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውም እንዲሁ ሽቦ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ክፍል ከፊት በኩል 50 በ50 ሳ.ሜ. የሆነ በር ይሠራል። የበሩ ደፍ ከወለሉ 10 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል፤ ካልሆነ በሩ ሲከፈት ግልገል ሊወድቅ ይችላል። በእያንዳንዱ በር ላይ ሁለት መቀርቀሪያ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ይደረግ። አንድ መቀርቀሪያ ብቻ ከሆነ በሩ በሌላው ጥግ ይላቀቃል፤ ሽለምጥማጥ ለመግባት ከዚያ የበለጠ ክፍተት አያስፈልገውም።

ቆርቆሮዎቹን እያንዳንዳቸውን 125 ሳ.ሜ. ላይ እንቆርጣቸዋለን። ረጅሞቹ ጣሪያ ይሆናሉ፤ ከፊትና ከኋላም 20 ሳ.ሜ. ያህል ወጣ ብለው ዝናቡን ያርቃሉ። የሚተርፉት ሦስት ባለ75 ሳ.ሜ. ቁራጮች ደግሞ የኋላውን ግድግዳ ከውጭ ለመሸፈን ይበቃሉ። በቆላ አካባቢ ግን ቆርቆሮ ስለሚግል ጀርባውን በሰሌን መሸፈን፣ ጣሪያውንም ሣር ማልበስ ይሻላል። የቀረ ቁራጭ ቆርቆሮ ካለ በእግሮቹ ዙሪያ እንደ ቀለበት ቢታሰር አይጥ ተንጠላጥሎ እንዳይወጣ ያደርገዋል። ከቀለበቱ በታች የሚቀባ ግራሶ ደግሞ ጉንዳንን ያግዳል። ጉንዳን የሚፈራው ለእናቲቱ ሳይሆን ራቁታቸውን ለሚወለዱት ግልገሎች ነው።

ከውስጥ የሚያስፈልጋት

ጥንቸል ቀኑን ሙሉ በሽቦ ላይ ብቻ ከቆመች መዳፏ ይላጣል፣ ይቆስላልም። ስለዚህ በየክፍሉ 30 በ40 ሳ.ሜ. የሆነ ለስላሳ ጣውላ ማረፊያ እንዲሆናት መቀመጥ አለበት። ሁለት ሁለት ጣውላ ብናዘጋጅ አንዱ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ሌላው ይገባላታል። በጉድጓድ ፈንታ የምትደበቅበት አንድ በኩሉ የተከፈተ የእንጨት ሣጥንም ያስፈልጋታል። ቤቱ ሰፊ ቢሆንም ለመሮጥ አይበቃትምና በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ በታጠረ ቦታ ልጆች እየጠበቋት መለቀቅ አለባት።

የመጠጫ ዕቃዋ እንዳትገለብጠው ከባድ የሸክላ ሳህን ይሁን። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይለወጥ። ዋነኛ ምግቧ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ጥርሶቿ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድጉ የሚያለዝባቸው ሣር ማኘኩ ነው። ፍሩሽካና ካሮት በጥቂቱ ብቻ ይሰጣት። የሻገተ ወይም ተከምሮ የሞቀ ሣር ሆዷን ይነፋዋል። የአቮካዶ፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል ስለሚመርዛት ፈጽሞ አይሰጣት።

ልጆች ጥንቸልን በጆሮዋ አንጠልጥለው ሲይዟት እናያለን። ይህ ማሰቃየት ነው። ትክክለኛው አያያዝ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን እጅ ደግሞ ከኋላ እግሮቿ ሥር አድርጎ ወደ ሰውነት አስጠግቶ መያዝ ነው። የኋላ አካሏ ካልተደገፈ በምትራገጥበት ጊዜ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች።

የአደራው ጊዜ

አላህ (ሱ.ወ.) ጥንቸልን በጎሕና በማታ እንድትነቃ አድርጎ ፈጥሯታል። በእኛ ቤት ከሱብሒ ሶላት በኋላ አንዱ ልጅ፣ ከመግሪብ በኋላ ሌላው ልጅ ተራ ገብቶ ይመግባል። በረመዳን ቤተሰቡ ሁሉ ሲጾም እነሱ እንደማይጾሙ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የቀትር ውኃቸው በእንቅልፍ ምክንያት መዘንጋት የለበትም። ለዒድ ወደ ዘመድ ስንሄድም «ለሁለት ቀን ምን ይሆናሉ» ብሎ ሣር ከምሮ መሄድ አይበቃም፤ የድመቷን ሴት ማስታወስ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ለጎረቤት አደራ እንሰጣለን፤ ውኃው የት እንደሆነ፣ መቀርቀሪያዎቹም ሁለት መሆናቸውን እናሳያለን።

ጥንቸል የምትወልደው ከተጠቃች 31 ቀን ገደማ ላይ ነው። በ28ኛው ቀን 45 በ30 ሳ.ሜ. የሆነ የመውለጃ ሣጥን ከድርቆሽ ጋር ይገባላታል፤ እሷም ጠጉሯን ነቅላ ታነጥፍበታለች። ግልገሎቹ ዓይናቸውን የሚከፍቱት በ10 ቀናቸው ገደማ ነው። እናቲቱ የምታጠባቸው በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ጥላቸዋለች ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ስድስት ሳምንት ሳይሞላቸው መለየት ግን አይገባም። ከአንዲት ወፍ ጫጩቶቿን የወሰዱ ሰዎችን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲመልሱላት ማዘዛቸው በአቡ ዳውድ ዘገባ ይገኛል። ወንድና ሴት ግልገሎች ሦስት ወር ሲሆናቸው መለየት አለባቸው፤ ካልሆነ ከምንመግበው በላይ ይበዛሉ።

ሥጋዋን በተመለከተ

የጥንቸል ሥጋ ሐላል መሆኑን የሚጠራጠሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ። አነስ (ረ.ዐ.) በመካ አቅራቢያ በመር አዝ-ዞህራን ጥንቸል አባርረው እንደያዙ፣ አቡ ጦልሐ (ረ.ዐ.) አርደው ከሥጋዋ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደላኩና እሳቸውም እንደተቀበሉ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። አራቱም መዝሀቦች ሐላልነቷን ይቀበላሉ። የሚያርድ ሰው ቢላውን አስቀድሞ ይሳል፤ ሲስል እንስሳዋ አትይ፤ አንዷንም በሌላዋ ፊት አይረድ። ለማይበሉ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ምን እንደሆነ ሳንነግር ማቅረብ እምነትን ማጉደል ነው። እኛ እስካሁን ከእነዚህ አላረድንም፤ ልጆቹ ስም አውጥተውላቸዋል። ጥቅማቸው ግን አልቀረም። ከቤቱ ሥር የሚጠራቀመው ኩስ ሳይብላላ በቀጥታ ለጓሮ ጎመናችን ማዳበሪያ ይሆናል።

አዲሱ ቤት ከተሠራ በኋላ በነበረው ክረምት አንድ ሌሊት ውሾች ግቢ ገብተው ሲያጉረመርሙ ሰማን። ባትሪ ይዘን ስንወጣ አንደኛው በኋላ እግሮቹ ቆሞ ሽቦውን ይቧጭር ነበር። አባረርነው። ሽቦው አልላላም፤ ሁለቱም ጥንቸሎች መደበቂያ ሣጥናቸው ውስጥ ነበሩ። ልጃችን ከኋላችን ወጥታ አራቱንም መቀርቀሪያ አንድ በአንድ ነካክታ አየችና ተመልሳ ተኛች።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ላስገባልን ፍጥረት ሁሉ አዛኞች ያድርገን፤ በማወቅም ባለማወቅም ያጠፋነውን ይማረን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።